በደቂቃ አንድ ሥዕል

ኮምፒውተር ስድብ ቢሰማ ኖሮ፣ የእኔው ያን ሰኞ ጠዋት ከጠረጴዛው ሥር ተነሥቶ ቤቱን ለቆ ይሄድ ነበር። ያልሰደብኩት የለም። እሱን ሰደብኩ፣ የሠራውን ፋብሪካ ሰደብኩ፣ ሰኞን ራሷን ሰደብኩ። አባቴንም ጨመርኩ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ሥራዬ ገና ያልተሠራ ቤት ማሳየት ነው። አርክቴክቷ በወረቀት የነደፉትን ሕንፃ በኮምፒውተር አቆመዋለሁ፣ ቀለም እቀባዋለሁ፣ ፀሐይ አበራበታለሁ፤ ከዚያ ሰው በእግሩ የሚሄድበት እስኪመስለው ድረስ በፊልም አሳያለሁ። የዚያ ሰሞኑ ቤተ መጻሕፍት ነበር። አሥራ ስምንት ሰከንድ ብቻ፦ በደጁ ይገባል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ ኮሪደሩን ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ ትልቁ በር ይከፈትና የንባብ አዳራሹ ከነመስኮቶቹ ወለል ብሎ ይታያል። አዳራሹ ላይ ሦስት ሳምንት ዓይኔ እስኪፈስ ሠርቻለሁ። የቀረኝ ኮምፒውተሩ አራት መቶ ሃምሳውን ሥዕል አንድ በአንድ ስሎ እስኪያወጣ መጠበቅ ነው። ማስረከቢያው ሐሙስ ነው ስለተባልኩ ተዝናንቻለሁ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አርክቴክቷ ደወሉ።

«ደንበኞቹ ዛሬ ነው የሚመጡት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፊልሙን ይዘሽ ቢሮ ድረሽ።»

«ዛሬ? ሐሙስ አልነበር እንዴ?»

«ነበር። ስሚ፣ ያንን ክፍት ቦታም ዛሬ እዘጋዋለሁ። ሁለታችሁንም አዝዣለሁ፤ የማን ሥራ እንደሚያሳምናቸው አይቼ እወስናለሁ።»

«ሁለታችሁ» ያሉት እኔንና ሰንበሌጥን ነው። ስሙ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያወጣሁለት። «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» ይባል የለ? የእሱ ቤቶች እንደዚያ ናቸው። ጥላቸው በስተግራ፣ ፀሐያቸው በስተግራ። ግን ይደርሳል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ሲጠሩኝ አቤት፣ ሲተዉኝ ቤት ሆኜ ኖሬያለሁ። ያ ክፍት ቦታ ማለት የራሴ ጠረጴዛ፣ የወር ደመወዝ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር የማይደነግጥ ልብ ማለት ነው። ለሰንበሌጥ ከምሰጠው ብሞት ይሻለኛል አልኩ።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ «ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። አሥራ ሦስት ሰዓት አለኝ። የቀረኝ አሥር ሰዓት ነው፤ ከዚያም ላይ ለመንገድ ግማሽ ሰዓት ይቀነሳል። ጥራቱን ላውርደው ብል ግድግዳው ጉንዳን የወረረው ይመስላል፤ እሱ የሰንበሌጥ ሙያ ነው።

ያኔ ነው ኦቨርክሎክ የሚሉት ነገር ትዝ ያለኝ። ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒውተሩ አእምሮ ነው፤ ፋብሪካው «በዚህ ፍጥነት ሥራ» ብሎ ይልከዋል። የቸገረው ሰው ደግሞ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ከተፈቀደለት በላይ ያስሮጠዋል። በሕይወቴ ሞክሬው አላውቅም። ኢንተርኔት ላይ የሚያስተምር ጽሑፍ አገኘሁ፤ ስድስት ደረጃ አለው። አንደኛው ረጅም ነው፣ ምንም የሚነካ ቁልፍ የለውም፣ «ከሁሉ አስቀድሞ» እያለ ይመክራል። እኔ ደግሞ መቅድም የሚባል ነገር አንብቤ አላውቅም። ዘለልኩትና ሁለተኛው ላይ አረፍኩ።

እማዬ ከወጥ ቤት ቁርስ ብላ ተጣራች።

«እማዬ፣ እያንዳንዱ ደቂቃ ሥዕል ነው! ማንም እንዳይጠራኝ!» ብዬ ጮህኩ። ግቢው በሙሉ ሳይሰማኝ አልቀረም።

አባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚነዳው እኛን ነው። አንድ አመል አለው፦ አዲስ ዕቃ ከላስቲኩ አያወጣም። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ ነው። ፍሪጁ በር ላይ ከሱቅ የመጣበት ላስቲክ ጠርዙ ጠቁሮ ዛሬም አለ። ሶፋችንማ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ቀለሙ ምን እንደሆነ ረስተነዋል፤ በሙቀት ጊዜ ከላዩ ብድግ ስትሉ የጭናችሁን ቆዳ ይዞ ይቀራል። አክስቴ አንድ ቀን «ይሄን ነገር ለምን አታወልቁትም?» ብላ ስድስት ወር ተኮራርፈዋል።

ኮምፒውተሩን ከአራት ዓመት በፊት የገጠምነው እኔና እሱ ነን። ዕቃውን ለየብቻ ገዝተን ሳሎኑ ወለል ላይ ዘረጋነው፤ እኔ መመሪያውን ከስልኬ እያነበብኩ፣ አባዬ ካቻቢቴ ይዞ፣ እማዬ መብራት እያበራችልን። አንድ ነገር ይሰበራል ብዬ ቀኑን ሙሉ ስፈራ ነበር። ከዚያ ወዲህ አባዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር «የልጄን ሞተር የገጠምኩት እኔ ነኝ» ሳይል አይቀርም።

እና ያን ጠዋት የፕሮሰሰሩን ቁጥር በአሥር በመቶ ከፍ አደረግሁት። ተነሣ! እልል ማለት ነበር የቀረኝ። መሳል ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና «ችግር አጋጥሞኛል» የሚል ጽሑፍ አወጣ።

«አንተን ነው ያጋጠመህ? እኔን እንጂ!» አልኩት።

አባዬ ብርጭቆውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ሞቋል» አለ።

«አልሞቀም።»

«ሽታው ይነግርሻል እኮ ልጄ።»

«አባዬ፣ ይሄ አውቶቡስ አይደለም!»

ከበሩ ግን አልሄደም። የአባዬ ዝምታ ከንግግሩ ይብሳል፤ እናንተ እየነዳችሁ ከጀርባ ሆኖ ፍሬን የሚረግጥ ሰው ታውቁ የለ?

አራተኛው ደረጃ «ካልረጋ ቮልቴጁን ትንሽ ይጨምሩ» ይላል። ትንሽ። ማን ነው አሁን ትንሽ የሚለካው? ጨመርኩ። አሁን ሰማያዊም አልሆነ፤ ሁለተኛው ሥዕል መሃል ላይ ድርግም። እንደገና አስነሣሁት፣ እንደገና ድርግም። እልህ ያዘኝ። እልህ ደግሞ እናቴ እንደምትለው ምራቅ ያስውጣል እንጂ ራት አይሆንም። ቮልቴጁንም ፍጥነቱንም አንድ ላይ አናቱ ላይ አወጣኋቸው። እርፍ! ጭራሽ አልነሣም አለ። ጥቁር ስክሪን። ፋኑ ብቻ እንደ ምቀኛ ያፏጫል።

እንዲህ ሲሆን ጎኑን ከፍቶ ክብ ባትሪውን ማውጣት ነው፤ ያኔ ሁሉንም ረስቶ ወደ ፋብሪካው ቁጥር ይመለሳል። ቀና ስል አባዬ ካቻቢቴውን ዘርግቶልኛል። ሳልጠይቀው። ነጠቅሁት ማለት ይቀላል። ሰዓቴን ሳይ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ሁለት ሰዓት በላሁ፤ ያ ሦስቱም ተበላሽቶ ሥዕል ዜሮ። ዜሮ!

«ልጄ» አለ አባዬ፣ «ቆሞ የሚሞቅ ሞተር ነዳጅ አይሰጡትም። መጀመሪያ ለምን ሞቀ ይባላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።»

«አባዬ፣ በናትህ ተወኝ።»

ባትሪውን አውጥቼ መልሼ፣ ጎኑ ክፍት እንደሆነ አስነሣሁት። ተነሣ፤ ተመስገን። ስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት ቁጥር አለች፤ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበረች፣ እኔ ዞር ብዬም አላየኋት።

«ያ ሰማንያ አራት ምንድን ነው?» አለ አባዬ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ገፋ አድርጎ።

«ሙቀት።»

«ምንም ሳይሠራ?»

ከእኔ መልስ ሳይጠብቅ ጎንበስ አለና በተከፈተው ጎን ጣቱን አስገባ። ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠውን ማቀዝቀዣ፣ ያንን ክንፍ ክንፍ ያለውን ብረት፣ በጣቱ ነካው።

«እጅህን! አትንካ ብዬሃለሁ እኮ!»

እጁን ቶሎ ሰበሰበ። ጣቱን አየው።

«ቀዝቃዛ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ራዲያተሩ ቀዝቃዛ፣ ሞተሩ እሳት። ውሃው አልዞረም ማለት ነው። መሃል ላይ የዘጋው ነገር አለ።»

ውሃ የለውም ልለው ነበር። ከዚያ ይልቅ አፉን የማስዘጋበት ማስረጃ ፍለጋ ያንን የዘለልኩትን አንደኛ ደረጃ ከፈትኩ። እንዲህ ይላል፦ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ፕሮሰሰሩ በፋብሪካው ፍጥነት ላይ እያለ ሙቀቱን ይለኩ። ያለ ሥራ ከስድሳ ካለፈ ወደ ሁለተኛው ደረጃ አይሂዱ፤ ማቀዝቀዣው በትክክል አልተገጠመም።

አንድም ቁጥር ሳልነካ ሥዕል አስጀመርኩት። በአሥር ሰከንድ ውስጥ መቶ ገባ። ገና መቶ እንደገባ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። እንዳይቃጠል ራሱን እየያዘ ነው። አራት ዓመት ሙሉ! አራት ዓመት እሱ እሳት ላይ ተቀምጦ ሲንፏቀቅ፣ እኔ «አረጀ፣ ሰነፈ» እያልኩ ሳማው ኖሬያለሁ።

አጥፍቼው የማቀዝቀዣውን አራት ብሎን ፈታሁ። ብረቱን አነሣሁና ገለበጥኩት። ሆዱ ላይ፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር መነካካት በሚገባው ቦታ፣ ስስ ላስቲክ ተለጥፏል። ጥርት ያለ ላስቲክ። በቀይ ፊደል «ከመገጠሙ በፊት ይላጥ» የሚል ተጽፎበታል።

ላስቲክ። በማን ቤት? በእኛ ቤት።

ያኔ ከአፌ የወጣውን ዛሬ ስጽፈው እጄ ያፍራል። «አንተና ላስቲክህ!» አልኩ። «ሶፋው አልበቃህም? ፍሪጁ አልበቃህም? ፕሮሰሰሬንም በላስቲክ ጠቀለልከው? አራት ዓመት ሥራዬን አፍነህ ይዘህብኝ 'ሞተሩን የገጠምኩት እኔ ነኝ' ትላለህ? ምን አለ የማታውቀውን ነገር ባትነካ!»

እማዬ በጩኸቱ ደንግጣ እጇን እየጠራረገች መጣች። ላስቲኩን አየች፣ እኔን አየች፣ አፏን ከፈተች። አባዬ መዳፉን ወደ እሷ ዘርጋ አደረገ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ተመልሳ ወጣች።

«ይቅርታ ልጄ» አለኝ። «አርጅቻለሁ። አምልጦኝ ይሆናል።»

ወጣና ከመሳቢያው ትንሽ ቱቦ ይዞ ተመለሰ። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ግራጫ ቅባት ነው፤ ያን ጊዜ ስንገጥም ተርፎ ኖሮ አራት ዓመት አስቀምጦታል። በፌስታል ጠቅልሎ፣ በላስቲክ ማሰሪያ አስሮ። እሱንም ሳይ ደሜ ፈላ። ያ ቱቦ ባይኖር ቀኔ እዚያው እንዳበቃ እያወቅሁ አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩትም። ላስቲኩን ላጥኩ፣ ብረቱን ጠረግሁ፣ ቅባቱን ቀባሁ፣ ገጠምኩ።

አራት ሰዓት ላይ ጀመረ። ሙቀቱ ስድሳ ሁለት ላይ ቆመ፤ ንቅንቅ አላለም። ፍጥነቱ? በደቂቃ አንድ ሥዕል። ፋብሪካው በሰጠው ቁጥር፣ ያለ ኦቨርክሎክ፣ ያለ ምንም። በጣቴ ቆጠርኩ። እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ስድስት ሰዓት ተኩል አለኝ። ሦስት መቶ ዘጠና ሥዕል። ስልሳ ይጎድለኛል። አሁን ቀዝቅዟልና ቁጥሩን ከፍ ላድርገው አልኩ፤ ጽሑፉን ከጠዋቱ ተምሬ አስቀድሜ አነበብኩት። «ለውጥ ባደረጉ ቁጥር አንድ ሰዓት ይፈትኑት» ይላል። አንድ ሰዓት ስልሳ ሥዕል ነው። ሳይፈትኑ መጨመርስ? ጠዋት ያደረግሁት እሱን አይደል? እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት እኔ ነኝ።

ቀኑን ሙሉ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ምሳ የመጣው በዝምታ ነው፣ የተመለሰውም በዝምታ። አባዬ በበሩ በኩል ሲያልፍ በእግሩ ጣት ነበር የሚራመደው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ያለውን በፍላሽ ገልብጬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ነው አንድ ነገር የበራልኝ፦ ለምን ከመጀመሪያው አስጀመርኩት? ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ባስስለው ኖሮ አዳራሹ ይኖረኝና የሚጎድለው ደጁ ነበር፤ ደጅ ደግሞ ማን ይጠይቃል? በንዴት የተቀመጠ ጭንቅላት ይህን አያስብም። ግንባሬን በመዳፌ ስመታ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ።

ደንበኞቹ ሦስት ናቸው። መብራቱ ጠፋ፣ ፊልሙ ተጀመረ። ደጁ አማረ። ደረጃው ላይ የፀሐዩ ጥላ ሲወርድ አንደኛው «ኦ» ሲሉ ሰማሁ። ኮሪደሩ አለቀ። ትልቁ በር መጣ፣ እጀታው መዞር ጀመረ። እዚያ ላይ ቆመ።

«ከበሩ ወዲያስ?» አሉ ያ «ኦ» ያሉት ደንበኛ።

ተነሥቼ በእጄ እያሳየሁ አስረዳሁ። መስኮቶቹ እስከ ጣሪያ ይደርሳሉ፣ ብርሃኑ በጠረጴዛዎቹ ላይ እንዲህ ያርፋል አልኩ። በጨዋ ደንብ ሰሙኝ። ከዚያ የሰንበሌጥ ተከፈተ። ግድግዳው ያው ሰንበሌጥ፣ ፀሐይዋ ከሁለት ቦታ ትወጣለች። ግን በሩ ተከፈተ። አዳራሹ ታየ። ሦስቱም ወደ ፊት ዘንበል ብለው አዩት።

አርክቴክቷ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። «የአንቺ ከእሱ ይበልጣል፤ ዓይን አለኝ» አሉ። «ግን ለደንበኛ የተዘጋ በር አላሳይም። ቦታውን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ሥራ ሲኖር እደውልልሻለሁ።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? እንደገና ሲጠሩኝ አቤት፣ ሲተዉኝ ቤት።

እማዬ ግቢው ውስጥ ከገመድ ላይ ልብስ ትሰበስባለች።

«ደረስሽ?»

«በምን ልድረስ? በባልሽ ላስቲክ?» አልኳት። «ቦታው ለሌላ ሰው ሆነ። አንድ ሰዓት፣ አንዲት ሰዓት ብቻ ጎደለኝ።»

አንሶላውን እንደያዘች ዞረች። እማዬን እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም።

«የባሌ ላስቲክ? አንቺ ልጅ፣ መብራቱን የያዝኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? አባትሽ ያንን ብረት ገልብጦ አይቶ 'ልጄ፣ ይሄ ላስቲክ አለበት፣ ይላጥ እንዴ?' አለሽ። ያ ሰው! ከተጋባን ላስቲክ ይላጥ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ነው የማልረሳው። አንቺ ከስልክሽ ቀና እንኳ ሳትዪ 'አባዬ አትንካ፣ እጅህን ሰብስብ' አልሽው። ሰበሰበ። ከእጁ ወስደሽ የገጠምሽው አንቺ ነሽ።»

ልክድ አፌን ከፈትኩ። ግን ድምፄ ራሱ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። «እጅህን ሰብስብ።» ዛሬ ጠዋትም «እጅህን! አትንካ» ብዬዋለሁ፤ በዚያው ድምፅ።

ሳሎን ስገባ አባዬ ሶፋው አጠገብ ተንበርክኳል። መቀስ ይዟል። ላስቲኩን ከሁሉም ወንበር አውልቆ ከጎኑ ከምሮታል። ሶፋው ቀይ ነው። ቀይ ነበር ለካ! ሪሞቱም ራቁቱን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ለማን ነው የማስቀምጠው ብዬ» አለ ሳይዞር። «ጠዋት ያልሽው እውነት ነው፣ በዝቷል። ደረስሽ?»

አልደረስኩም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። መቀሱን አስቀመጠ።

«አባዬ» አልኩ፣ «ያኔ 'ይላጥ እንዴ' ብለህ እንደጠየቅኸኝ ታስታውስ ነበር አይደል?»

«አስታውሳለሁ።»

«ታዲያ ስጮህብህ ለምን ዝም አልክ? ለምን 'አንቺ ነሽ' አላልከኝም?»

አንዱን ላስቲክ አንሥቶ በሁለት አጠፈው፣ ከዚያ በአራት።

«እንከራከራለንና» አለ። «እያንዳንዱ ደቂቃ ሥዕል ነው ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ዝም ብል ሁለት ሦስት ሥዕል ይተርፋታል ብዬ ነው።»

ይቅርታ ልለው ፈለግሁ። ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩና እንደ ሕፃን ልጅ ተንሰቀሰቅሁ። ስለ ቦታው አልነበረም። አባዬ ከተንበረከከበት ተነሣ። ከዚያ ያጠፈውን ላስቲክ ዘርግቶ ጉልበቴ ላይ አለበሰልኝ።

«እንባሽ ጨርቁ ላይ እንዳይፈስ» አለ። «ገና አዲስ ነው።»